ሳይሰጠው የበላው ሽማግሌ

ይህ ነገር የገጠመኝ በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ኮቪድ ገና ጨርሶ ሳይለቀን፣ ግን የተዘጉ በሮች አንድ በአንድ መከፈት በጀመሩበት ሰሞን ነው። ልርሳው ብልም አልችልም፤ የጆሃንስበርግ ወዳጆቼ አይፈቅዱልኝም። ዛሬም ሜይፌር ሰፈር ብቅ ባልኩ ቁጥር «ሳይሰጠው የበላው ሽማግሌ መጣ!» ብለው ነው የሚቀበሉኝ። እነሱ የሚያወሩትን ትታችሁ ነገሩን ከራሴ አፍ ስሙትና እናንተው ፍረዱ።

ስሜ ማርቆስ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ጆሃንስበርግ አጠገብ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አለኝ፤ በብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ናት። ደንበኞቼ ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም። ትልቁም ትንሹም የሚጠራኝ «ማይ ፍሬንድ» እያለ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ገና በልጅነቱ ከአገር ወጥቶ፣ ብዙ ተንከራትቶ፣ በመጨረሻ ጣሊያን ሰሜን ጫፍ ላይ ኮርቲና የምትባል የተራራ ከተማ ገብቶ አረፈ። ኮርቲና ሀብታሞች በብርዱ ወራት በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የሚሰበሰቡባት ከተማ ናት። ታሪኩ እዚያ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል። እዚያው ሆቴል እንግዳ የምትቀበል ኪያራ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ ሊጋቡ ተስማሙ።

እናታችን ግን ከሆሳዕና ደውላ ቁርጧን ተናገረች። «ፈረንጅም ብትሆን አባት አላት። ሽማግሌ ሳይላክ የሚገባ ምራት አላውቅም።»

በዚያ በኩል ደግሞ የኪያራ አባት እሺም እምቢም አላሉም። የጋብቻው ነገር ሲነሳ ከወንበራቸው ተነስተው ይወጣሉ። ኪያራም «የአባቴን ቃል ሳልሰማ አላገባም» ብላ ቁጭ አለች። ወንድሜ ስልክ ላይ ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። «ጋሼ፣ ያለ አንተ ማንም የለኝም» አለኝ። ምን ልበል? መሄድ ነው እንጂ።

ሽማግሌ ብቻውን አይሄድምና ሁለት ሰዎች ለመንኩ። አንዱ ሜይፌር ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡት የስልጤው ሰው ሐጂ ከድር ናቸው። ሌላው ከቤተ ክርስቲያናችን ጋሽ ሎምባሞ። ሁለቱም ስንት ጋብቻ ያቃኑ፣ ስንት የተጣላ ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ችግሩ ፔፐራቸው ነው። የስደተኛ ወረቀት የሚታደስበት ቢሮ በሎክዳውኑ ተዘግቶ ስለከረመ የሁለቱም ቀኑ አልፎበታል። ቋሚ መኖሪያ ያለኝ እኔ ብቻ ሆንኩ።

ሐጂ መላ አያጡም። «አንተ እዚያ በእግርህ ትቆማለህ፣ እኛ እዚህ በቪዲዮ እንቆማለን» አሉ። ቀጥለውም ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «አደራ ማርቆስ! ቃል ሳይሰጥህ እንዳትቀመጥ። ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ። የተቀመጠ ሽማግሌ ጉዳዩን ግማሹን ጥሏል። የበላ ሽማግሌ ደግሞ ሙሉውን ውጦታል።»

እሺ ብዬ፣ ሁለት ክትባት ተወግቼ፣ አፍንጫዬን ለምርመራ አስቆፍሬ፣ ክንዴ ላይ የእናቴን ጋቢ ይዤ በረርኩ።

በረዶን ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን እንጂ በእግሬ አላውቀውም። ለሽምግልና ብዬ የገዛሁት ጫማ ታቹ ልስልስ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ ነበር። በማግስቱ ታሪኩ ከተማዋን ሊያሳየኝ ዋናው መንገድ ላይ አወጣኝ። ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ፀጉራም ካፖርት ለብሰዋል። ውሾቻቸውም ለብሰዋል። አንዱ ውሻ እንዲያውም አራት ጫማ ተጫምቶ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። እኔ ሁለቱን እግሬን ማዘዝ አቅቶኝ ወንድሜ ላይ ተንጠልጥያለሁ።

ደወሉ ከፍ ካለው ቤተ ክርስቲያን ፊት ስንደርስ ሁለት እግሬ በአንድ ጊዜ ከዳኝና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ጋቢዬ ከላዬ ወደቀ። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት ካፖርታም ሴትዮ ከማንም ቀድመው ክንዴን ይዘው አነሱኝ፤ በረዶውን ከጀርባዬ እንደ ልጅ አራገፉልኝ። ከዚያ ጋቢውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ። ታሪኩ ሳቁ አመለጠው።

«ጋሼ፣ የትኛው ሱቅ ነው የገዙት እያሉ ነው።»

«እናቴ ፈትላው ነው በላቸው።»

ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። በዚያች ከተማ ስንት የከበረ ልብስ እያለ እናቴ አሸነፈች።

ሻይ ልንጠጣ የገባንበት ቤት ሁሉ በር ላይ የክትባት ወረቀት ይጠይቃል። ታሪኩ ይሳቀቃል፤ እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። አሥራ ሰባት ዓመት ጆሃንስበርግ የኖረ ሰው «ፔፐር!» ሲባል እጁ ራሱ ኪሱን ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ በገመድ በሚሄደው ሳጥን ወደ ተራራው ጫፍ ወጣን። ዓይኔን ጨፍኜ መዝሙር ስዘምር ታሪኩ ጎሸም አደረገኝ። «አትፍራ ጋሼ። ይህን ገመድ ሠላሳ ዓመት ሲጠግኑ የኖሩት የኪያራ አባት ናቸው።» ዓይኔን ገለጥኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ያ ሁሉ የድንጋይ ተራራ ሮዝ ሆኖ ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰውየውን ሳላያቸው ወደድኳቸው።

የተቀጠርንበት የእሑድ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ታሪኩ ከታች መንገድ ላይ ቀረ፤ ሽማግሌ የላከ ሙሽራ አብሮ አይገባምና። ልጅቷም መደበቅ ነበረባት፤ እንግዲህ ማን ያስተርጉም? ኪያራ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ እኔም በሱቅ እንግሊዝኛዬ እግባባለሁ። ስለዚህ የምትጠየቀዋ ልጅ ራሷ አስተርጓሚ ሆነች። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ፤ ግን ምርጫ አልነበረንም።

በሩን የከፈቱልኝ የኪያራ አባት ሲኞር ሬናቶ ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ወገባቸው ላይ ሽርጥ አስረዋል። ቤቱ ትንሽ ነው፣ የእንጨት ቤት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ሳህን ተደርድሯል። ሲኞር ሬናቶ ወንበር ሳቡልኝ።

እኔ ማስኬን እንዳደረግሁ፣ ጋቢዬን አመሳቅዬ፣ ግድግዳው አጠገብ ቆምኩ። ስልኬን መደርደሪያው ላይ ጠርሙስ አስደግፌ አቆምኩት። ሐጂ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጋሽ ሎምባሞ ከረባት አስረው፣ ሜይፌር ሳሎን ውስጥ እንደ ወታደር ተገትረው ታዩ።

«ይቀመጡ» አለችኝ ኪያራ የአባቷን ቃል እየተረጎመች።

«ቆሜ ልናገር። የመጣነው የከበረችውን ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነው። መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም» አልኩ። ስልኬም ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች «አንቀመጥም!» ሲሉ ተሰሙ።

ኪያራ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተረጎመች። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በዚህ ቤት ትልቅ ነገር በባዶ ሆድ አይወራም ይላል። መጀመሪያ ምሳ።»

«እኛ ደግሞ ሳይሰጠን አንበላም።»

ሰውየው እንደገና ወንበሩን አሳዩኝ። እኔ እንደገና አመሰግናለሁ ብዬ ቆምኩ። ድስቱን ከፍተው አሳዩኝ። ሽታው ና ብላ ይላል፤ ግን አደራ አደራ ነውና ከግድግዳው ንቅንቅ አላልኩም። ኪያራም ብትሆን ከእፍረቷ የተነሳ የአገሬን ደንብ አልጠየቀችኝም። ታሪኩ ነግሯታል ብዬ ነበር። ለካ ታሪኩ ራሱ በልጅነቱ ስለወጣ ደንቡን ጠንቅቆ አያውቀውም።

ሲኞር ሬናቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሱት። ከዚያ ድስቱን ከደኑ፣ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አነሱና ወጥ ቤት ገቡ። ልክ ያን ጊዜ ስልኬ ላይ ሐጂ «ምን እየሆነ ነው...» ሲሉ ምስላቸው ደረቀ፤ ጠፉ። ሜይፌር መብራት ሄደ። ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ ቀን አይመርጥም።

ብቻዬን ቀረሁ። ኪያራ እንባዋ መጣ።

«ጋሼ» አለችኝ፤ ከታሪኩ ለምዳው ነው፤ «እናቴ በመጀመሪያው የኮቪድ ዓመት ነው የሞተችው። ሰው ሳይቀብራት ነው የተቀበረችው። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ሁሉ ደጃፍ ላይ ማስክ አድርጎ ይቆማል፤ አይዞህ ይላል፤ ግባ ሲሉት አመሰግናለሁ ብሎ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ጠረጴዛ ከእኛ በቀር የተቀመጠ የለም። ዛሬ ከንጋት ጀምሮ እናቴ የምትሠራውን ምግብ ሲሠራ ነበር። እርስዎም ቤቱን የፈሩ መስሎታል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔም ኮቪድ ይዞኝ ከሱቄ ጀርባ ባለች ክፍል ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁ። ወዳጆቼ ምግብ አላጓደሉብኝም፤ በር ላይ እያስቀመጡ ይሄዱ ነበር። ከዳንኩ በኋላ እንኳ አብሮኝ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ሰው ለማግኘት ወራት ፈጅቷል። ሆዴ ጠግቦ ተርቤ ነበር። ያንን እያወቅሁ ነው ሰውየውን እንዲህ ያደረግኋቸው።

የሐጂ አደራ በአንድ ጆሮዬ ይጮኻል። ከበላሁና ሰውየው እምቢ ካሉ ወንድሜን ምን ብዬ አየዋለሁ? እናቴስ? ግን ደግሞ አሰብኩ። ይህ ቤት ልጅ የሚጠየቅበት ቤት ከመሆኑ በፊት ለቅሶ ቤት ነው፤ ማንም ለቅሶ ያልደረሰው ቤት። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ይቀመጣል፤ ያቀረቡለትን ይቀምሳል። የእኛም ደንብ ይኸው ነው።

ማስኬን አወለቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ራሴ ወንበሩን ሳብኩና ተቀመጥኩ።

«ኪያራ፣ ለአባትሽ ርቦኛል በያቸው።»

ሄዳ ነገረቻቸው። በወጥ ቤቱ በር ብቅ ብለው አዩኝ። ተቀምጫለሁ፣ ጋቢዬን እጉያዬ ውስጥ ሰብስቤ፣ ሹካ ይዤ እጠብቃለሁ።  ድስቱን መልሰው አመጡና ሳህኔን ሞሉት። በቀይ ሥር የተሞላ፣ ቅቤ የፈሰሰበት የሊጥ ጥቅልል ነው። እናቴ ትቀየመኝ እንደሆነ እንጂ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ሁለተኛ ሳህን ጠየቅሁ። ሰውየው ሳህኑን እስከ ጫፉ ሞሉልኝ።

ስለ ሟቿ ጠየቅኋቸው። ስሟን፣ ምን ትወድ እንደነበር፣ እንዴት እንደተዋወቁ ነገሩኝ። ለካ በገመዱ ሳጥን ውስጥ መሃል መንገድ ላይ ቆሞባቸው ነው የተዋወቁት፤ እሷ ተሳፋሪ፣ እሳቸው ጠጋኝ። ስለ ጋብቻው አንድም ቃል አላነሳሁም።

ሦስተኛውን ሳህን ጀምሬ ነበር ስልኬ በድንገት የበራው።

«ማርቆስ! በዳታ ተመለስን! አይዞህ፣ እኛ እንደቆምን ነን!» አሉ ሐጂ።  ጋሽ ሎምባሞ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ተጠጉ።

«ሐጂ፣ ይህ ሰው እያኘከ ነው?»

«ተሰጠን እንዴ?» አሉ ሐጂ።

አፌ ሙሉ ስለነበር ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

«ሳይሰጥህ ነው የምትበላው? አንተ ሰው! አዋረድከን!»

«አፉን ደግሞ እዩት፣ ቀይ በቀይ ሆኗል!» አሉ ጋሽ ሎምባሞ።

ሲኞር ሬናቶ ሰዎቹ ለምን እንደሚጮኹ ጠየቁ። እንግዲህ ጉዱ ወጣ። ደንቡን ከጥንስሱ ጀምሬ ዘረዘርኩላቸው፤ ሽማግሌ ለምን እንደማይቀመጥ፣ ለምን እንደማይቀምስ፣ ሁለቱ ሰዎች ሜይፌር መብራት በሌለበት ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ለእሳቸው ልጅ ሲሉ እንደቆሙ። ሰውየው ተነስተው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ሐጂና ጋሽ ሎምባሞ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከኋላቸው የሐጂ ትልቁ ሶፋ ባዶውን ተዘርግቷል።

ሲኞር ሬናቶ ሳቁ። ጠረጴዛውን ይዘው፣ ዓይናቸውን በሽርጡ እየጠረጉ ሳቁ። ኪያራ አፏን በእጇ ያዘች። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም» አለችኝ።

ሳቃቸው ሲያልቅ ግን አልተቀመጡም። ሽርጣቸውን ፈቱ። እንደ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አጣምረው ፊቴ ቆሙ። ኪያራ ተረጎመችልኝ።

«እኔም የምለምነው አለኝ ይላል። ሳይሰጠኝ አልቀመጥም ይላል።»

«ምንድን ነው?»

«ልጄን የምሰጥ እኔ አይደለሁም፤ ልቧን ከሰጠች ቆይታለች። ልጁም መልካም ልጅ ነው። ዝም ያልኩት እሷ ስትሄድ ለአንድ ሰው ብቻ ጠረጴዛ ማቅረብ ስለከበደኝ ነው። እሑድ እሑድ ሁለቱም እዚህ ምሳ ይብሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወደ ስልኩ ዞርኩ። ወሬ የማያልቅባቸው ሐጂ በእጅጌያቸው ፊታቸውን ይጠርጋሉ።

«ሐጂ፣ ምን ልበላቸው?»

«ምን ትጠይቀኛለህ! ትልቅ ሰው አስቁመህ! ስጣቸው እንጂ!»

እኔም ለወጉ ተነስቼ ቆምኩ። «ተሰጥቶዎታል። ይቀመጡ» አልኩ።

ተቀመጡ። ሜይፌር ውስጥ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ»፣ ጋሽ ሎምባሞ «ሃሌ ሉያ» አሉና ሁለቱም ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

ታሪኩ ትዝ ያለን ከዚያ በኋላ ነው። በረዶው ላይ አንድ ሰዓት ከምናምን ቆሟል። ሲኞር ሬናቶ ሰገነት ላይ ወጥተው በተራራው ሁሉ የሚያስተጋባ ድምፅ ጠሩት። ሲገባ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። መጀመሪያ ያየው የእኔን አፍ ነው።

«ጋሼ... በላህ? ተሰጠን ማለት ነው?»

«ተሰጠን። እኛም ሰጠን። ቁጭ በልና ብላ» አልኩት።

ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አማቱ ጭንቅላቱን ይዘው ሳህኑን ወደ አፍንጫው አስጠጉለት።

ተጋቡ። ሐጂ ግን ይቅር አላሉኝም፤ ለሆሳዕናዋ እናቴ እንኳ ከእኔ ቀድመው ደውለው ከሰሱኝ። እናቴ ከሰማች በኋላ «ሚስት የሞተችበት ሰው ቤት ቆሞ ቢውል ኖሮ ነበር የማፍረው» ብላቸው ዘጋችባቸው። ስሙ ግን ተለጥፎብኝ ቀርቷል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል። በሕይወቴ ብዙ ደንብ ጠብቄያለሁ፤ የጣስኩትን ያን አንዱን ያህል የምኮራበት ግን የለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቄን እንደከፈትኩ ስልኬ ይጮኻል። ሲኞር ሬናቶ ናቸው። በቋንቋ አንድ ቃል አንግባባም። ጠረጴዛውን ያሳዩኛል፤ ታሪኩን፣ ኪያራን፣ ድስቱን። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ታች ይጠቁማሉ። እኔ ካልተቀመጥኩ ሹካቸውን አያነሱም። ከፍርግርጉ ማዶ ደንበኛ «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» እያለ ይጣራል። «ሻርፕ፣ እሺ፣ አንድ ደቂቃ» እለውና የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ እቀመጣለሁ።